የልጄ ችፌ «የጂን (የዘር ውርስ) ነው» ተባልኩ፤ ለምርመራ አዲስ አበባ ልውሰደው?

እናት ከሕርማታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጅማ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ክርኑና ጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት፤ ሌሊት ሲያክ ያድራል። የቆዳ ሐኪም አይቶት ቅባት አዞለታል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ግን «ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን ጎድሎት ይሆናል፣ ጂኑን አስመርምሪ» አለችኝ። ገንዘብ ልበደርና ልሂድ?

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ፣ ፊላግሪን የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጂኑ ክሮሞሶም 1 ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ፕሮፊላግሪን የሚባል በጣም ትልቅ ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱ ተቆራርጦ ፊላግሪን ይሆናል። ፊላግሪን ኬራቲን የሚባለውን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን ክሮች አንድ ላይ ያስራል። ኋላ ራሱ ይፈርስና ቆዳ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሰጣል። ጂኑ ሲበላሽ ቆዳው ይደርቃል፤ የሚያስቆጣ ነገርም በቀላሉ ያልፈዋል። ይህ ጉድለት ለችፌ እንደሚያጋልጥ የታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ጉድለቱ ኖሮባቸው ችፌ የማይዛቸው ብዙዎች ናቸው፤ ችፌ ያለበት ሁሉም ጉድለቱ የለበትም።

ጠቅላላ ሐኪም፦ አትበደሪ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎችን መርምሮ ነበር። አውሮፓ ውስጥ የተለመዱት የጂኑ ጉድለቶች አልተገኙም፤ የተገኘው አንድ አዲስ ጉድለት ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ባዶ ሊመለስ ይችላል። ቢገኝም ሕክምናው ያው ነው። ይልቅ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያሳክከዋል? ካሳከከው እከክ ሊሆን ስለሚችል ሁላችሁም ታዩ።

እናት ከሕርማታ፦ ኧረ እሱ ብቻ ነው። ግን ጅማ ዝናብና እርጥበት እያለ ቆዳው እንዴት ይደርቃል?

ጠቅላላ ሐኪም፦ ውሃው የሚያመልጠው ከራሱ ከቆዳው ነው። የአየሩ እርጥበት ብቻውን አይተካውም። ላብም ያሳክካል፤ ልብስ አትደራርቢበት።

ፋርማሲስት፦ ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ እጠቢው። የልብስ ሳሙና ገላው ላይ አይንካ። በፎጣ ሳታሺ ውሃውን አድርቂና ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በደንብ ቀቢው። ባያሳክከውም በየቀኑ፣ ቢያንስ ሁለቴ። ጥፍሩን አሳጥሪ። የታዘዘውን የስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት ችፌው በተነሳበት ቦታ ብቻ፣ ለተባለው ቀን ተጠቀሚ። እባክሽ ከሱቅ የሚሸጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ፊቱ ላይ እንዳታደርጊ፤ ቆዳ ያሳሳል።

የሁለት ልጆች እናት፦ የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ «ምንም የለባትም» ይሉኝ ነበር። በእጅሽ ዳሺው፤ ሻካራ ከሆነ ወይም ከጠቆረ ችፌው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ያዳነን በየቀኑ መቀባት ነው፣ ሳይሰለቹ።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም መግል ካለው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ትኩሳት ኖሮት የሚያሙ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ከወጡበት ግን ያኔውኑ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን።

እናት ከሕርማታ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ቫዝሊኑን እገዛለሁ፤ ለእህቴም የነገራችሁኝን አነብላታለሁ።