እናቴ መርሳት አበዛች፣ ምን ላርግ?

የሐይቅ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም ያጀመአ። እናቴ ሐይቅ ነው ምትኖረው፣ ሰባን አልፋለች፣ እኔ ኮምቦልቻ ነው ምሰራው ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ካለፈው ረመዷን ወዲህ ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም፣ አንድ ነገር ጠይቃኝ መልሼላት ቡናው ሳይሰክን ያንኑ ደግማ ትጠይቀኛለች፣ ዙህር ሰግዳ ከመስገጃዋ ሳትነሳ "ሰግጃለሁ እንዴ?" ትላለች። ባለፈው ደሞ ከገበያ ስትመለስ መንገዱ ጠፍቷት የጎረቤት ልጅ ነው ይዟት የመጣው፣ እድሜዋን ሙሉ የሄደችበት መንገድ እኮ ነው! እህቴ እርጅና ነው ተወው ትላለች፣ አጎቴ ደሞ ጅን ነው ዱአ ይደረግላት ይላል። ሀኪም ቤት እንሂድ ስላት "እኔ አብጃለሁ ወይ" ብላ ተቆጣች። እስኪ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

ጦሳ፦
አብሽር ወንድሜ። ደሴ ነርስ ነኝ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ የሰው ስም ጠፍቶ ቆይቶ መምጣት እድሜ ሲገፋ ያለ ነው፣ የሚያውቁት መንገድ ከጠፋቸው ግን እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍም። ሁሉም መርሳት ደሞ አልዛይመር (አእምሮን ቀስ በቀስ ሚያዳክመው የመርሳት በሽታ) አይደለም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት ራሱ እንዲህ ያደርጋል፣ እነዚህ በደም ምርመራና በጥያቄ ይለያሉ ይታከማሉም። ሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስበህ ይዘህ ሂድ፣ ለእንቅልፍና ለአለርጂ ከሚሰጡት ውስጥ አእምሮ ሚያደነዝዝ አለ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተቀያየሩ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቅ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ለመርሳት እንሂድ አትበላቸው፣ ግፊትና ስኳር እንለካ በላቸው፣ ውሸትም አይደለም ሁለቱም የጭንቅላትን የደም ስር ይጎዳሉ። ደሞ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመተው ያውቃሉ?

ቦርከና፦
አላህ አፊያ ያድርግልህ። አባቴን እኔ ነኝ ምይዘው፣ የሱ አልዛይመር ነው ተብሏል፣ መድሀኒቱ ትንሽ ያግዛል እንጂ አያድንም። ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለህ ካልከኝ "ቅድም ነገርኩሽ እኮ" ሚባለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት፣ እሷ እውነት አልሰማችም፣ አንተ ስትቆጣ ግን ንዴትህ ይቀርባታል ለምን እንደተቆጣህ ባታውቅም። አባቴ ከሞተች አመታት ያለፋትን እህቱን ጥሩልኝ ይላል፣ ሞታለች ካልከው እንደ አዲስ መርዶ ነው ሚያለቅሰው፣ እኔ ስለሷ እስኪ አውራኝ እለዋለሁ ያኔ ስለ ልጅነታቸው ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ከሰሉን ብቻዋን እንዳታቀጣጥል፣ ኪኒኗን ሌላ ሰው ይስጣት፣ ለጎረቤትና ለባለሱቆቹ ንገሩ አታፍሩ፣ ስልክ ቁጥርህን ጽፈህ ከነጠላዋ ጫፍ ስፋበት። ዱአውም ይደረግ ማን ይጠላል፣ ጅን ነው ብሎ ሚያጨስ ሚገርፍ ሰው ጋ ግን እንዳትወስዷት በአላህ

የሐይቅ ልጅ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር ሁላችሁም። ጦሳ የጠየቅሽኝን እህቴን ደውዬ ጠየቅኳት፣ ከረመዷን በፊት ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወድቃ ነበር አለችኝ፣ ግንባሯ አብጦ በራሱ ጠፋ ብለው ለኔ አልነገሩኝም። የፊታችን ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ደሴ ላመጣት ነው

ጦሳ፦
ሳምንት አትበል፣ ነገ ጠዋት አምጣቸው። በትልቅ ሰው ላይ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ደም ከራስ ቅል ስር ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ በመርሳት ሊገለጥ ይችላል፣ ከተደረሰበት ይታከማል። ካርድ እንዳወጣህ ለሀኪሞቹ መጀመሪያ መውደቃቸውን ንገር፣ ሲቲ ስካን (የጭንቅላትን ውስጥ ሚያሳይ ራጅ) ሊያዙላቸው ይችላሉ። ደም ማቅጠኛ ወይ አስፕሪን ሚወስዱ ከሆነም አብረህ ተናገር። ዛሬ ማታ ራስ ምታት ከበረታ፣ ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ አልነቃ ካላቸው ወይ አንድ እጃቸው ከዛለ ደሞ እስኪነጋ አትጠብቅ