የጤና መድን ግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ? የጅማ ሰፈርተኞች ክርክር

የሄርማታው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ማሳደሻ ጊዜ ደርሷል። ትናንት ቡና ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሁሉም ቤተሰብ በግዴታ ይክፈል» አለ። ግማሹ ደግሞ «መንግሥት ኪሴ ውስጥ ምን አገባው?» እናንተስ?

የጅሬኑ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ጤና ረዳት ነኝ። ምን አገባው ለሚሉት አንድ ነገር ላንሳ። ፈንጣጣን ማን አጠፋው? ዘመቻው በ1963 ሲጀመር ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ልጅ ነበርኩ። ከታቢዎቹ ሹካ የመሰለች ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው መጡ። ክንዴን ቶሎ ቶሎ ወጋ ወጋ አደረጉት፣ አለቀ። ጠባሳው ዛሬም አለ። በነሐሴ 1968 በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። ይህን ሥራ እያንዳንዱ በየኪሱ ሊሠራው ይችል ነበር?

የቆጪዋ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን ያኔ መርፌውን ይዘው ነው የመጡት። እኔ አምና ከፍያለሁ። ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አደረና በጠዋት የመድን ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩት። ወረፋ ጠበቅን፣ ታየ፣ ተጻፈለት። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ስደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዢ» ተባልኩ። ለጎመን መግዣ የያዝኩትን ብር ለግል ፋርማሲ ሰጠሁ። ታዲያ በግዴታ የምከፍለው ለምኑ ነው?

የቦሳው፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን በፈቃድ ከሆነ የሚመዘገበው ያመመው ብቻ ነው። ጤነኛው «ሲያመኝ እገባለሁ» ይላል። ያኔ የመዋጮው የጋራ ቋት ባዶ ይሆናል፣ መድኃኒቱም ይጠፋል። ዕድርን አስቢ። ለቅሶ ቤቱ ሲደርስ ልመዝገብ የሚለውን ማን ይቀበለዋል? እዚሁ ዞናችን ሊሙ ኮሳ በ2003 መድኑ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል።

የቆጪዋ፦ ዕድር ካልክ ጥሩ። በዕድር ድንኳኑ ይመጣል! ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ይመጣል። ካልመጣ ሊቀመንበሩ በጉባኤ ተነስቶ ይመልሳል። መስኮቱ ላይ «የለም» ያለኝን ሰው ግን የት ሄጄ ልጠይቀው?

የጅሬኑ፦ ይሄ ጥያቄ መልስ ይገባዋል ልጄ። እኔም ስሠራ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ በሽተኛ የመለስኩበት ቀን አለ፣ ያሳፍራል። ከ1995 ወዲህ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ተመደቡ። ክትባቱን፣ አጎበሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር እየዞሩ ያስተምራሉ። መከላከሉ ላይ መንግሥት በር ድረስ መጥቷል። ሕክምናው ላይ ግን ገና እኛው ነን በሩን የምናንኳኳው።

የሄርማታው፦ ክርክሩን ስከፍት ልቤ ወደ ግዴታው ያደላ ነበር። የቦሳው ስሌት አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ግን እንደ ዕድር ከሆነ እንደ ዕድር ይጠየቅ። ግዴታ ከመሆኑ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይቀመጥ። አንደኛ፣ ያለው መድኃኒት ዝርዝር በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከውጭ የገዛ አባል ደረሰኙን ሲያመጣ ገንዘቡ ከቋቱ በዚያው ሳምንት ይመለስለት። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ይህን ይዤ እገባለሁ። የቆጪዋ፣ የአምናው ደረሰኝ ካለሽ ይዘሽው ነይ።

የቆጪዋ፦ አለኝ። ደብተሩ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።