ለገጠር ልጆች አካባቢ ሳይንስን በምን ላስተምር?

መምህርት ከኩታበር

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ኩታበር ወረዳ፣ ገጠር ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። 4ኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ። 58 ልጆች አሉኝ። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው የሚደርሰው።

ባለፈው ሳምንት ርዕሳችን የአፈር መሸርሸር ነበር። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ልጆቹ ገለበጡ። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኛን ማሳ የበላው ቦረቦርም የአፈር መሸርሸር ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ደብተሩን አየት አደረገና «ታዲያ ለምን እሱን አንጽፍም?» አለ። ቤት ከገባሁም በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ የበረዶ አገር ድብ፣ የባሕር ዓሣ፣ የፋብሪካ ጭስ ናቸው። የኔ ልጆች ባሕር አይተው አያውቁም። ፋብሪካም እንደዚያው። የሚያውቁት ቦረቦር፣ ፍየልና በልግ የቀረበት ዓመት ነው። ፕሪንተር የለንም። ቤተ መጻሕፍታችን በጦርነቱ ጊዜ ባዶ ቀርቷል። ኔትወርክ የምናገኘው ጉብታው ላይ ስንወጣ ነው።

እናንተ በምን ታስተምራላችሁ? ጨዋታም ይሁን ሙከራ፣ ልጆቹ በእጃቸው የሚነኩት ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌላው የሚያሳስበኝ ሐምሌ ላይ የተተከለው ችግኝ ነው። ከግማሽ በላዩ ደርቋል። ልጆቹ በአጠገቡ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ።

የደሴ ልጅ

መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም ማውረድ ትችያለሽ፣ የየክፍሉ አለ። ደሴ ስትመጪ ደግሞ ዋይፋይ ያለበት ቁጭ በይና ጉግል ኧርዝን ክፈቺ። በኮምፒውተር የሚሠራው የድሮ የሳተላይት ፎቶዎችንም ያሳያል። የመንደራችሁን የቀድሞና የአሁን ፎቶ ስልክሽ ላይ ይዘሽ ግቢ። ልጆቹ የራሳቸውን ቤት ጣሪያ ሲያገኙት የሚሆኑትን ታያለሽ። ወፍ ለመለየት መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ። አንዴ ከነአካባቢው የወፎች ጥቅል ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የአማርኛውን ግን ልጆቹ ይነግሩሻል።

ጡረተኛው መምህር፣ ተሁለደሬ

እህቴ፣ አብሽሪ። ያ ልጅ የትምህርቱን መነሻ ራሱ ይዞልሽ መጥቷል። ከቦረቦሩ ጀምሪ።

ዝናብ በሌለበት ቀን ውሰጃቸው። ጠርዙ ላይ እንዳይቆሙ፣ ከሥሩ ይናዳል። ከጠርዙ አምስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ካስማ ትከሉ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ቀረብ ብላችሁ ሌላ ካስማ። ቀኑንና ርቀቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። ከበልግ በኋላ አንዴ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንዴ ተመለሱ። እኔ አንድ ዓመት ከልጆቼ ጋር ሦስት ካስማ ተክዬ ነበር። መስከረም ስንመለስ ቆሞ ያገኘነው አንዱን ብቻ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የአፈር መሸርሸርን ትርጉም ማንም አልረሳውም።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሃይላንድ ይበቃሻል። ባለ 2 ሊትር ሦስት ፈልጊ። አጋድመሽ የላይኛውን ጎን በምላጭ ክፈቺው፣ እንደ ገበታ ይሆናል። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት አፈር ሙያቸው። የመጀመሪያውን ራቁቱን ተዪው። ሁለተኛውን ገለባ አልብሺው። ሦስተኛው ላይ ገብስ ዝሪና ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል። ከዚያ ከኋላቸው ድንጋይ አስደግፈሽ አፋቸው ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጊ። ከየአፋቸው ሥር ግማሽ የተቆረጠ ሃይላንድ አስቀምጪ። አንድ አንድ ጣሳ ውኃ ከእኩል ከፍታ በቀስታ ይፍሰስባቸው። ከራቁቱ የሚወርደው እንደ ቡና አተላ ነው። ከገብሱ ሥር የሚወርደው ዘግይቶ ጠብ ጠብ ይላል፣ በጣም የጠራ ነው። አንቺ ምንም አትናገሪ። ራሳቸው ይናገሩ።

አሁን ደግሞ ለኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገርሽ። ልጆቹን «ይሄ ውኃ የት ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የኩታበር አብዛኛው ውኃ ወደ በሽሎ ይወርዳል። በሽሎ አባይ ይገባል። ስለዚህ ከዚያ ልጅ ማሳ የተነሣ አፈር መንገዱ ሕዳሴ ግድብ ድረስ ነው። ውኃው ደግሞ ሱዳንን፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከናንተ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማዶ ደሴ ላይ የሚዘንበው ግን ቦርከና ይገባል። ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ አፋር በረሃ ላይ ያልቃል፣ ባሕር አያይም። ደሴ ላይ ቦርከና የተጣለ ፌስታል እዚሁ አገራችን ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። የኛ ደግሞ ሌላ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው የአንከርከሃ ወንዝ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ ይሄ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይተኛል።

ሦስት ጎረቤት ወረዳ፣ ሦስት የተለያየ የውኃ መጨረሻ! እኔ ይሄን መሬት ላይ በእንጨት ጭሬ፣ ለወንዙ አመድ፣ ለተራራው ድንጋይ አድርጌ ነበር የማስተምረው። ባሕር ያላየው ልጅ ደጁ ላይ ያለው ጎርፍ ባሕር እንደሚደርስ ሲያውቅ ፊቱ ይለወጣል። እመኚኝ፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

መምህርት ከኩታበር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንከርከሃን እንኳን ራሴም አላውቀውም ነበር። ሃይላንድ ከነገ ጀምሬ አሰባስባለሁ። ስለ ችግኙስ የምትነግሩኝ አለ?

ልማት ሠራተኛ፣ ወረኢሉ

ስለ ችግኙ እኔ ልመልስ። ሥራዬ ነው፣ ብዙ ሲደርቅ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የደረቁትን ሁለት ሦስት ነቅላችሁ ሥራቸውን እዩ። ፕላስቲኩ አብሮ ተተክሎ ሊሆን ይችላል። በዘመቻ ቀን በጥድፊያ ይረሳል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀርና ዝናቡ እንዳበቃ ችግኙ ያልቃል። ጉድጓዱም ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቀደም ብሎ መቆፈር አለበት።

ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ማን ይጠብቀዋል? የኔ ምክር፣ ግቢው ውስጥ ጥቂት ተክላችሁ ሌላውን ለየልጁ አንድ አንድ ስጡና ቤቱ ደጃፍ ይትከለው። እሾህ ይጠርበት። በየወሩ በስንዝር እየለካ ቁመቱን ይጻፍ። ለደጋ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጥድ ጥሩ ናቸው። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለበጋው ታቹ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድ ከሥሩ አጠገብ ይቀበርና በአፉ ውኃ ይሞላ። ጠብ ጠብ እያለ ይመግበዋል።

ዝናብም ለኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ከላይ ቆርጣችሁ የተቆረጠውን እንደ ማጥለያ ገልብጡበት። ታቹ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ቀጥ ያለው ክፍል እስኪጀምር በውኃ ሙሉት። ዜሮ የምትሉት እዚያ ጋ ነው። ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፉ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። የክፍላችሁ ቆርቆሮ 8 ሜትር በ7 ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 560 ሊትር ይወርድበታል። 28 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የሚሄዱ ልጆች ይሄን ሒሳብ ሲሠሩ እንዴት እንደሚፈጥኑ ታያለሽ።

ከቦረና ሳይንት

እኛ ዘንድ ቀይ ቀበሮ ነው መጽሐፋችን። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። ያደጉት ተቆጥረው በዓለም ላይ ከ500 በታች ናቸው። ወሎ ውስጥ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክና አቡነ ዮሴፍ ላይ ይገኛል። እረኛ ልጆች በግ በላ ብለው ይጠሉታል። ዋናው ምግቡ ግን አይጥ ነው፣ ለገበሬው ወገን ነው። ከባድ ጠላቱ ከውሾቻችን የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻ ማስከተብ ቀበሮም፣ ልጅም ማዳን ነው።

እኔ እንቆቅልሽ አስደርሳቸዋለሁ። የየራሳቸውን ፈጥረው ይመጣሉ። አንዷ ልጅ «እንቆቅልህ» አለች። «ምን አውቅልህ» አልናት። «ቀይ ካባ ለብሶ የአይጥ ደጅ የሚጠና?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ በሚኒ ሚዲያ አንድ አንድ እንቆቅልሽ ይነበባል።

መምህርት ከኩታበር

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሐሙስ ዕለት ሃይላንዶቹን ሠራናቸው። ከራቁቱ አፈር የወረደውን ውኃ መስኮት ላይ አሳድሬው ጠዋት አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ረግቶ አገኘነው። የቦረቦሩ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄን ለአባቴ ላሳየው» አለኝና ይዞት ሄደ። ማታ አባቱ ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ካስማውን ማሳቸው ዳር እንድንተክል ፈቅደውልናል። ሰኞ እንሄዳለን።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ገብሱ በሁለተኛው ሳምንት ቢጫ መሆን ጀመረ። ሙከራው ሠርቶልናል፣ ግን ለሌላው ክፍል ልደግመው ነው። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ጡረተኛው መምህር፣ ተሁለደሬ

ክዳኑን ዘግተሽ ነው ያበቀልሽው? ውኃ ተኝቶበት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክዳኑን ከፍተሽ ትንሽ አዘንብዪው፣ አፉ ላይ አፈር እንዳይወጣ ቁራጭ ጨርቅ ወትፊበት። በሁለት ቀን አንዴ ብቻ አጠጪው። የሰኞውን ርቀት ደግሞ እዚህ ጻፊልኝ፣ እኔም መዝግቤ እይዘዋለሁ።