ክሬያቲኒን 0.9 ለነፍሰ ጡር «ኖርማል» ነው?

መንዝ_አዋላጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፣ ሦስተኛ እርግዝናዋ። ከማርገዟ በፊት ጀምሮ የደም ግፊት አለባት፤ ኢናላፕሪል ትወስድ ነበር፣ ክትትል ስትጀምር ሚቲልዶፓ ተተክቶላታል። ዛሬ ግፊቷ 146/94፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን 1+። በ14ኛ ሳምንቷ 0.5 የነበረው ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 0.9 ሆኗል፤ የላብራቶሪው ወረቀት ግን ኖርማል ይላል። ራስ ምታትም የዓይን ብዥታም የላትም። ቤቷ ከጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቀጠሮ ሰጥቼ ልሸኛት ወይስ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ልላካት?

ጣርማበር_ሐኪም፦
ይላኳት፣ ዛሬውኑ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ልኬት ላላረገዘ ሰው የተሠራ ነው። በእርግዝና ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚበዛ የማጣራት አቅሙ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት በ50 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ክሬያቲኒን በዚያው ልክ ይወርዳል። ጤናማ ነፍሰ ጡር ላይ የምናየው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከ0.5 ተነስቶ 0.9 መድረስ እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። 1.1 እስኪያልፍ አይጠብቁ።

ፕሪኢክላምፕሲያ (በእርግዝና ግፊት ከፍ ብሎ ኩላሊትንና ሌላ አካልን የሚጎዳው ሕመም) ሲነሳ ከእንግዴ ልጁ ወደ ደም የሚገቡ ንጥረ ነገሮች የኩላሊቱን ጥቃቅን ደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ያሳብጡታል። መተላለፊያው ይጠባል፣ የሚጣራው ይቀንሳል፣ ፕሮቲን ያመልጣል። የቆየ ግፊት ባለባት እናት ላይ ይሄ ተደርቦ ሲመጣ ከግፊቱ ቁጥር ብቻ አይለይም፤ ለዚህ ነው የ14ኛው ሳምንት ውጤት ወርቅ የሆነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነቀናቸው ይጻፉ። እዚያ ፕላትሌት፣ የጉበት ምርመራና አልትራሳውንድ ይጨመርላታል።

ላብ_ሸዋሮቢት፦
ስለ 1+ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ሰዓት ተጉዛ፣ ውሃ ሳትጠጣ የመጣች ሴት ሽንቷ ስለሚወፍር 1+ ሊያሳይ ይችላል። የማህፀን ፈሳሽ ሲቀላቀልበት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲኖርም እንዲሁ። ታጥባ መሃለኛውን ሽንት ትስጥ፤ የስትሪፑ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ) ዕቃ ክዳኑ ክፍት ውሎ ከሆነም ውጤቱን አትመኑት። የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘ የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ የማግስቱ ጭምር፣ ይጠራቀማል። 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከተሸና ቁጥሩ በሐሰት ያንሳል።

ግፊቱም በሹራብና በጋቢ ላይ አይለካ። የመንዝ ብርድ እንዳለ ሆኖ ክንዷ ይገለጥ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ትረፍ።

መንዝ_አዋላጅ፦
አመሰግናለሁ። አምቡላንስ ጠርተናል። ለመንገዱ ማግኒዚየም (እንዳያንቀጠቅጣት የሚሰጠውን) ልስጣት?

ጣርማበር_ሐኪም፦
አሁን ባለችበት አያስፈልግም። ግፊቷ 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ከፍ ካለው ግፊት ጋር ብርቱ ራስ ምታት፣ ብዥታ ወይም ከልቧ ሥር ሕመም ከመጣ (ይሄን «ጨጓራ ነው» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው ጎድቷል) የመነሻው መጠን ይሰጥ፦ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ 5 በ5 በሁለቱም መቀመጫ። ኩላሊት የደከመ ቢሆንም የመነሻው አይቀርም። ጥንቃቄው በየአራት ሰዓቱ በሚደገመው ላይ ነው፤ ማግኒዚየም የሚወጣው በሽንት ነውና። ሽንቷ በአራት ሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ካልተወረወረ፣ ወይም ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ከወረደ አይደገም። የማግኒዚየም ማርከሻው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ አጠገባችሁ ይኑር። ሽንት አነሰ ብሎ ግሉኮስ በላይ በላይ ማንጠልጠል ደግሞ ሳንባዋን ውሃ ያስሞላል።

ፋርማሲ_ደብረብርሃን፦
መድኃኒቶቿን ሁሉ በፌስታል ይዛ ትምጣ። ሚቲልዶፓው ሲያልቅባት ቤት የቀረውን ኢናላፕሪል ጀምራ ሊሆን ይችላል። እሱ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፤ የእንሽርት ውሃው በአብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ ይደርቃል። የእናቲቱንም ክሬያቲኒን ከፍ ያደርጋል። ለወገብ ሕመም ከሱቅ የምትገዛው ዳይክሎፌናክም እንደዚሁ፤ በፓራሲታሞል ይተካ። ከወለደች በኋላ ግን ኢናላፕሪል እያጠባች መውሰድ ትችላለች፣ ክሬያቲኒኗ ከታየ በኋላ።

ጣርማበር_ሐኪም፦
ከወሊድ በኋላ ግፊቱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን እንደገና ይወጣል፤ አራስ ቤት ስላለች የሚያያት አይኖርም። የጤና ኤክስቴንሽኗ በእነዚያ ቀናት ቤቷ ድረስ ሄዳ ትለካት። ቀጠሮውን በክርስትናው ቀን አስይዙት፣ አይረሳም፦ በ40ኛው ቀን ግፊትና ሽንት፣ በ80ኛው ገደማ ክሬያቲኒን ተጨምሮ፣ ወንድም ሴትም ብትወልድ። በ80ው ፕሮቲኑ ካልጠፋ ወይም ክሬያቲኒኑ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የራሱ የኩላሊት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ውስጥ ደዌ ክሊኒክ ትላክ።