የጃፓን ላይት ኖቭል በአማርኛ ይውጣ ቢባል በየትኛው ይጀመር?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ላይት ኖቭል ጃፓኖች በኪስ መጠን የሚያሳትሙት፣ መሃል መሃሉ ላይ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ዓይነት ሥዕል ያለበት ተከታታይ ልቦለድ ነው። ሁለት ዕጩ ቀርቧል። አንዱ የኢሱና ሃሴኩራ «ቅመምና ተኩላ»፤ በውድድር ተሸልሞ እ.ኤ.አ. በ2006 መታተም የጀመረ፣ በ2011 በ17ኛው ቅጽ ተዘግቶ በ2016 እንደገና የተቀጠለ። ሌላው የሚያ ካዙኪ «የመጽሐፍ ትሏ»፤ መጀመሪያ ኦንላይን የተጻፈ፣ ኋላ በ33 ቅጽ የታተመ። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይፈቀድም፤ ምክንያት ይነገር።

ጠገራ፦ ቅመምና ተኩላ። አንደኛው ቅጽ ብቻውን ራሱን ችሎ ይቆማል። ነጋዴው ሎሬንስ አንድ የብር ሳንቲም ውስጡ ያለው ብር ሊጨመርበት ነው የሚል ወሬ ይሰማል፤ ተኩላዋ ሆሎ ደግሞ የሳንቲሙን ድምፅ ብቻ ሰምታ ብሩ እየቀነሰ መምጣቱን ትለያለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ንጉሥ ገንዘብ ሲያጥረው ለምሳሌ አሥር አሮጌ ሳንቲም አቅልጦ ርካሽ ብረት እየደባለቀ አሥራ ሦስት ያወጣል። ለማቅለጥ ግን አሮጌው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አሮጌውን ቀድሞ ከገበያ የሰበሰበ ነጋዴ ንጉሡን ቁጭ አድርጎ ይደራደረዋል። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛው) 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹህ ብር፤ 1780 የሚለው ዓመት ካልታየ፣ የንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ዕንቁ ካልተቆጠረ አልቀበልም የሚለው ሰው ሆሎ በጆሮዋ የሠራችውን በዓይኑ ነበር የሚሠራው።

ብራናው፦ ሳንቲሙ ይሁንልህ። ግን ዕቃ ሲሠራ ማየት ለሚወድ አንባቢ የመጽሐፍ ትሏን የሚያህል የለም። ማይን የበር ጠባቂ ልጅ ናት፤ በዚያ አገር መጽሐፍ ብራና ስለሆነ ለመኳንንት ካልሆነ አይቀመስም። ራሷ ልትሠራ ትነሳለች። ሣር ትጎነጉናለች፣ አያዋጣም። ጭቃ ጠፍጥፋ ትጽፍበታለች፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል (ውስጡ የቀረ እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሌላ ምን ያደርጋል፤ ማንኛዋም ሸክላ ሠሪ ትነግርሃለች)። እንጨት ፈልጣ ትጽፍበታለች፣ እናቷ ማገዶ መስሏት ታነደዋለች። ወረቀቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ቅርንጫፉ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ልጡ ይላጣል፣ ጥቁሩ ቅርፊት ይፋቃል፣ ነጩ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ በውሃና በሚያዝለገልግ ነገር ተደባልቆ በወንፊት ይጠለላል። ዝልግልጉ ከሌለ ቃጫው ወዲያው ይዘቅጥና ወረቀቱ አንድ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ጎኑ ቀዳዳ ይሆናል። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ ያየ አንባቢ ይህን ገጽ አይዘልም።

የማታ አንባቢ፦ ይዘልላል! ምክንያቱም ሁለተኛው ዕጩ የመጣበት ቤት መርዘም የሚያስሸልምበት ነው። ሾሴትሱካ ኒ ናሮ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2004 ጀምሮ ማንም ያለ አርታኢ የሚለጥፍበት ነው። አንድ አንባቢ ቡክማርክ ሲያደርግ 2 ነጥብ፣ ኮከብ ሲሰጥ እስከ 10፣ ቢበዛ 12። በነጥቡ ደረጃ ይወጣል። ሰንጠረዡ ላይ ቀድሞ የሚታየው ርዕሱ ስለሆነ ደራሲው ታሪኩን ሁሉ በርዕሱ ይዘረግፈዋል። አዲስ የተለጠፈ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ብቅ ስለሚል ደግሞ አንዱን ምዕራፍ አምስት ቦታ ይቆርጠዋል። ሞቶ ሌላ ዓለም ላይ የሚወለደው ጀግና እንዲህ ነው የበዛው፤ በ2016 ድረ ገጹ ራሱ ለእነዚህ ታሪኮች ሰንጠረዥ ለብቻ እስኪያወጣ ድረስ። የመጽሐፍ ትሏ በሦስት ዓመት ተኩል 677 ክፍል ተለጥፏል። እሱን በቅጽ ሰፍቶ ማውጣት ማሳጠር አይደለም።

ብራናው፦ እህቴ፣ ድረ ገጹን በደንብ ገልጸሽዋል፤ የሚታተመው ግን ያው ድረ ገጹ ላይ ያለው አይደለም። እንዲሁ ኦንላይን የጀመረውን «ኦቨርሎርድ» የተባለ ልቦለድ ተመልከቺ፦ ከዋነኞቹ አንዷ የሆነችው አልቤዶ በኦንላይኑ ጽሑፍ ጭራሽ የለችም፣ ለመጽሐፉ ነው የተፈጠረችው። ጀግናው ስላይም (ዝልግልግ ጭራቅ) ሆኖ የሚወለድበትም ታሪክ በመጽሐፉ ሌላ መንገድ ይዟል። በዚያ ላይ በውድድር መሸለምም ከርዝመት አያድንም፤ ተሸላሚው ቅመምና ተኩላ ራሱ መጀመሪያ ሲዘጋ 17 ቅጽ ደርሶ አልነበር?

የማታ አንባቢ፦ አልቤዶን እቀበላለሁ። የ17ቱ ግን አይሆንም፤ አንደኛውን አንብቦ መተው ይቻላል፣ የአንተዋን አይቻልም።

ቆጣቢ፦ ይቻላል። የመጽሐፍ ትሏ አምስት ክፍል ነው፦ 3፣ 4፣ 5፣ 9 እና 12 ቅጽ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጾች ማይን ወደ ቤተ መቅደሱ እስክትገባ ድረስ ሄደው ጥሩ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ሒሳቡ 1 ቅጽ ወይስ 3 ቅጽ ነው እንጂ 17 ወይስ 33 አይደለም። ፈቃድ ሲጠየቅ የሥዕሉ ለብቻ መሆኑ እንዳይረሳ፤ ባለመብቱ ሠዓሊው እንጂ ደራሲው አይደለም። ጽሑፉን ተዋውሎ ሥዕሉን የረሳ አሳታሚ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ይዞ ይቀራል። ከእንግሊዝኛው መመለስ ደግሞ አይታሰብ።

ጠገራ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሆሎ የምትናገረው በድሮ የጃፓን ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ሴቶች አነጋገር ዓይነት ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ የድሮ ዘመን አነጋገር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አማርኛ ቢሆን ለዛ ያላት፣ ቅኔ የምትዘርፍ ሴት ትወጣዋለች።

ብራናው፦ አማርኛ የሚያሸንፍበት ሌላም ቦታ አለ፣ ያላነበበ ይዝለለው። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ማይን የገዢው ማደጎ ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ አባቷ ልጄ ብሎ ሊጠራት አይችልም። እንግሊዝኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» ስለሌለው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። በእኛ አንድ ግሥ ይበቃል፦ «መጣሽ?» የነበረው «መጡ?» ይሆናል።

የማታ አንባቢ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቅ። አባት ሕፃን ልጁን «እርስዎ» ሲል በእኛ ቤት ቀልድ ነው፣ ቁልምጫ ነው፤ አንባቢው ፈገግ ይላል። እንዲያስለቅስ ከተፈለገ ከአንደኛው ቅጽ ጀምሮ የመኳንንት ልጅ ብቅ ባለ ቁጥር ትልቁ ሰው ሁሉ «እርስዎ» እያለ ጎንበስ ሲል መታየት አለበት።

ቆጣቢ፦ ያ ትዕይንት ያለው ደግሞ 7ኛው ቅጽ ላይ ነው። ሒሳቤን መልሱልኝ።