ዎከር ማለት «ተራማጅ» ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። የሥራ ባልደረባዬ የቤተሰብ ስሙ ዎከር ነው። «ተራማጅ ማለት ነው አይደል?» ብዬ ብጠይቀው «የለም፣ የሙያ ስም ነው» አለኝና በዚያው ወደ ስብሰባ ገባ። መራመድ ምን ዓይነት ሙያ ነው? የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነቱን ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌአልካን» ማንከባለል፣ ማገላበጥ ነበር፤ የመራመድ ትርጉሙ ኋላ የመጣ ነው። «ዌአልከሬ» ደግሞ ከሸማኔ እጅ የወጣውን የሱፍ ጨርቅ ተቀብሎ ጠበቅ የሚያደርገው ባለሙያ ነው።

ከሽመና የወረደ ሱፍ ሳሳ ይላል፤ የበጉም ቅባት አለቀቀውም። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፍና የከረመ ሽንት ይፈስበታል፤ ሽንት ሲከርም የሚያወጣው አሞኒያ ቅባቱን ያስለቅቃል። ቅባት የሚመጥ አፈርም ይጨመርበታል። ከዚያ ሰውየው ልብሱን ሰብስቦ ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ ይረግጣል፣ ያገላብጣል፣ ደግሞ ይረግጣል። ፀጉሩ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል። ወንዝ ዳር ጋቢ በእንዶድ ሲረገጥ ያየ ሰው ይህን የእግር ምት ያውቀዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ለዚሁ አንድ ሙያ እንግሊዝ ሦስት ስም ማውጣቷ ነው። በሰሜን ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ እነ ዴቨንና ሱመርሴት ዘንድ ታከር። ፉለር ከላቲኑ «ፉሎ» ይወርዳል። የታከር ሥር «ማሰቃየት» የሚል ጥንታዊ ግስ ነው፤ ጨርቁ የሚደርስበትን ላየ ስሙ አይበዛበትም። በኤክሰተር ከተማ ማኅበራቸው በ1471 እ.ኤ.አ. ያቆመው አዳራሽ ዛሬም ታከርስ ሆል ይባላል።

በ1185 እ.ኤ.አ. የቴምፕላር ባላባቶች (የመስቀል ጦርነት ዘመን ወታደር መነኮሳት) ርስት ሲመዘገብ፣ በውኃ ኃይል ጨርቅ የሚወቅጥ ወፍጮ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሺር ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። እግሩን መዶሻ ተካው፣ ስሙ ግን ቀረ። የእንግሊዞቹ ስም እንደኛ የአባት ስም በየትውልዱ አይለወጥምና ልጁ ዳቦ ጋጋሪም ቢሆን ዎከር ነው።

ሌላ አባል፦ ትንቢተ ሚልክያስ 3፥2 ላይ «እንደ አጣቢ ሳሙና» የሚለውን አስታወሳችሁኝ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ፉለር ነው የሚለው። ታዲያ የእኛ «አጣቢ» ጎደለ?

መልስ፦ አልጎደለም፤ እንዲያውም ለዕብራይስጡ የቀረበው የእኛው ነው፣ የቃሉ ሥር ማጠብ ነውና። እንግሊዝኛው የራሱን ሱፍ ሠሪ አገር ሙያ አስገባበት።

አንድ ፈሊጥ ልጨምር። የተረገጠው ጨርቅ እንዳይጨማደድ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በሜንጦ ተወጥሮ ይደርቃል። ማዕቀፉ ቴንተር፣ ሜንጦው ቴንተርሁክ ነው። ውጤት የሚጠብቅ የተጨነቀ ሰው «በቴንተርሁክ ላይ ነው» ይባላል። እኛ «ልቡ ተንጠልጥሏል» የምንለው መሆኑ ነው፤ እነሱ ይወጥሩታል፣ እኛ እናንጠለጥለዋለን።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ አያቶቹ ከሰሜን እንደሆኑ እጠይቀዋለሁ።