ጳጉሜ ላይ የጻፍኩት ዕቅድ ጥር ላይ የት ይገባል?

ቡና ቆይዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼና አሽጌ ለሱቆችና ለቁርስ ቤቶች አስረክባለሁ። አራተኛ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ቁጭ ብዬ የመጪውን ዓመት ዕቅድ እጽፋለሁ። የዘንድሮው ደብተር አሁን ፊቴ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «በወር 300 ኪሎ መሸጥ፤ ሁለተኛ መቁያ መግዛት፤ አዲስ አበባ ደንበኛ ማግኘት» ይላል። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ከሥሩም በማስመሪያ አስምሬበታለሁ። አምስተኛው ገጽ ላይ የእህቴ ልጅ የሳለው ዶሮ አለ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ሰነፍ ነሽ እንዳትሉኝ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እሳት ዳር ነኝ። የምሰናከለው ኅዳር ላይ ነው። የአጋሮና የሊሙ ቡና ሲደርስ ለወራት የሚበቃኝን ጥሬ ቡና በደህና ዋጋ መያዝ ነበረብኝ፤ ያኔ ደግሞ እጄ ላይ ብር አይገኝም። ጥቂት ጥቂት እየገዛሁ ስገፋ ዋጋው ይወጣና ዕቅዱ ጥር ላይ ይረሳል። 300 ያልኩት 180 ኪሎ ላይ ቆመ። ደግሞ 300 ኪሎ የተቆላ ለማውጣት ከ350 ኪሎ በላይ ጥሬ ያስፈልጋል፤ ከመቶው ከ15 እስከ 20 የሚሆነውን እሳት ይበላዋል። ይህን በየቀኑ ሚዛን ላይ አየዋለሁ፤ ዕቅዱን ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።

እናንተ ያቀዳችሁትን እንዴት ይዛችሁ ትዘልቃላችሁ? «በራስሽ ተማመኚ» የሚል ምክር በቂ አለኝ።

በርጩማ ጠራቢው፦

እህቴ፣ «300 ኪሎ መሸጥ» በአንቺ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ በገዢው እጅ ነው። በአንቺ እጅ ያለው መቁላትና ሄዶ ማንኳኳት ነው። እኔ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እጠርባለሁ። አንድ ዓመት 100 እሸጣለሁ ብዬ 60 ያህሉ ቤቴ ቀረ፤ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ አላጣሁም። አሁን የምጽፈው በሳምንት ስንት እንደምጠርብና የሐሙስ ገበያ ከመድረሱ በፊት ስንት ሱቅ እንደምዞር ብቻ ነው። የምጽፈውም በሩ ላይ በጠመኔ ነው። ደብተር ተከድኖ ይቀራል፤ በሩን ግን በየጠዋቱ መክፈቴ አይቀርም።

ባለሱቋ እናት፦

ልጄ፣ ኅዳር ላይ ብር አይገኝም ብለሽ አለፍሽው፤ የት እንደገባ አልጻፍሽም። እኔ ልንገርሽ፤ እንደ እኔ ያለች ባለሱቅ ዘንድ ነው። እሽግሽን ሸጠን ስኳር እናመጣበታለን። ስትመጪ «ሳምንት ብቅ በይ» እንልሻለን፣ አንቺም ታፍሪያለሽ። ቡና እናቀርብልሻለን፤ ያውም የራስሽን ቡና። ጠጥተሽ፣ መርቀሽ ትሄጃለሽ።

ዕቁብ ግቢ። ለራስሽ የገባሽውን ቃል ብታጥፊ ማን ይጠይቅሻል? የዕቁብ ዳኛ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል። ሠላሳ ሰው ፊት «ዘንድሮ አልሆነልኝም» ማለት ቀላል አይደለም።

ሒሳብ ያዥ፦

በዱቤው ነገር እማማ ልክ ናቸው፤ በዕቁቡ ግን ትንሽ እለያለሁ። ዕጣው ሚያዝያ ላይ ቢወጣላት ኅዳር ሳይደርስ ብሩ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል። ዕጣዋን ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር መለዋወጥ እንደምትችል አስቀድማ ትጠይቅ።

ሌላው፣ ዕቅዱን ጳጉሜ ላይ መጻፍሽ ራሱ ዘግይቷል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ለግብር ብለሽ ሒሳብ መዝጋትሽ ስለማይቀር፣ በዚያው ሳምንት ከእውነተኛው ቁጥር ተነሥተሽ ዕቅድሽን አውጪ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር አራት ወር አለሽ። ጳጉሜ ላይ ከጀመርሽ የሚቀርሽ ሁለት ወር ነው፤ በሁለት ወር የቡና መግዣ አይጠራቀምም።

ቡና ቆይዋ፦

ትናንት ማታ የርክክብ ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። እማማ፣ እንዳሉት ነው። 9 ሱቆች ላይ 64 ኪሎ አለኝ፤ አንደኛው ከጥምቀት ጀምሮ አልከፈለኝም። ከወር ሽያጬ ሲሶው በላይ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ መቁያ እላለሁ! ሰረዝኩት። አዲስ አበባም ትቆየኝ።

ወንድሜ፣ ጠመኔውን ሞከርኩት። በሩ ላይ ኪሎውን ብቻ ጻፍኩ፤ የባለሱቆቹን ስም አልጻፍኩም፣ ጎረቤት ያነባል። ሐምሌ 1ንም ይዣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሱቅ ሄድኩ። አንዱ ወዲያው ከፈለኝ። ሁለተኛው እንደ ልማዱ በርጩማ አቀረበና ቡና ይቀዳልሽ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ስጠብቀው መሳቢያውን ከፍቶ ግማሹን ቆጠረልኝ።